ሞተር ሐይቅ ላይ ሲቆም፦ በትክል ድንጋይ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በትክል ድንጋይ ደጋ ቆሞ ስለ ጀልባ ሞተር መናገር እንግዳ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ገዳማትን ለመሳለም ከዚህ የሚነሡ ምእመናን ጎንደርን አልፈው ጎርጎራ ሲደርሱ ቀሪው መንገድ ውኃ ነው። ወደ ማንዳባ መድኃኔ ዓለምም ሆነ እቴጌ ምንትዋብ ወዳሠሯት ናርጋ ሥላሴ የሚሻገሩት በጀልባ ነው። የጣና ርዝመት 84፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ስፋት መካከል ሞተር ቆሞ ነፋስ ቢነሣ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። ተሳላሚውን የሰበሰበው ጉባኤ ደግሞ ከኃላፊነቱ ነጻ አይደለም።

ሞተር ሲቆም ብዙዎች «ተቃጠለ» ብለው ለመፍታት ይቸኩላሉ። መፍታት ግን የመጨረሻው ሥራ ነው። አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ሞተሩን ያዞረዋል ወይስ አያዞረውም?

የማያዞረው ከሆነ በመጀመሪያ ማርሹ ፎሌ ላይ መሆኑ ይታይ፤ ማርሽ ከገባ በቁልፍ እንዳይነሣ ተደርገው የተሠሩ ብዙ ናቸው። ቀጥሎ የባትሪው ራሶች ይፈተሹ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ከያዛቸው፣ ማሰሪያቸውም ከላላ፣ ባትሪው ጤነኛ ቢሆንም ኃይሉ አያልፍም። ለማጽዳት በመጀመሪያ የኔጌቲቩ ገመድ ይፈታ፤ ሲታሰር ግን እርሱ መጨረሻ ይሁን። «ጠቅ» ብሎ ዝም ማለት በአብዛኛው የደከመ ባትሪ ወይም የላላ ማሰሪያ ምልክት ነው። ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ሳይነሣ ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ወደ 12 ከወረደ ሊያልቅ ተቃርቧል። ከዚያ ፊውዙ ይታይ። የተቃጠለ ፊውዝ በእኩያው ይተካ እንጂ በሽቦ አይጠገን። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ የተላጠ ሽቦ አንድ ቦታ ተነካክቷልና ይፈለግ።

ሞተሪኖው እያዞረው የማይነሣ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ የማቆሚያው ቀይ ገመድ ይታይ። ይህ ገመድ ነጂው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ሞተሩን እንዲያጠፋ የተሠራ ነው፤ መቆለፊያው ከቦታው ከወጣ ካንዴላው እሳት አይሰጥም። እርሱ ደኅና ከሆነ ቤንዚኑ፣ ከዚያም የካንዴላዎቹ ገመዶች ይፈተሹ። የቤንዚን ሽታ ባለበት ግን ብልጭታ አይሞከር፤ በቅድሚያ ጀልባው ይናፈስ።

ጉዞ ላይ ባትሪው እየደከመ የሚሄድ ከሆነ ሞተሩ እየሠራ ይለካ። ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ካላሳየ የሚሞላው ክፍል ችግር አለበትና ወደብ ሲደረስ ለባለሙያ ይሰጥ።

ባትሪው ሐይቁ መካከል ቢያልቅስ? በብዙ ቀለል ያሉ ሞተሮች የካንዴላው እሳት የሚመነጨው በሚሽከረከረው ቮላኖ ላይ ካለው ማግኔት እንጂ ከባትሪው አይደለም። ስለዚህ በገመድ ጎትቶ ማስነሣት ይቻላል። ክዳኑ ተከፍቶ ከሆነ ነጠላ ወይም የቀሚስ ጫፍ እንዳይጠለፍ ሌላው ሰው ራቅ ይበል። ያለ ባትሪ ፈጽሞ የማይነሡ አዳዲስ ሞተሮችም ስላሉ የጀልባው ሞተር ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ሳይሳፈሩ ይጠየቅ።

እንግዲህ አስተባባሪ ሁሉ ከወደቡ ሳይነሣ እነዚህን በዓይኑ ይይ፦ ትርፍ ፊውዝ፣ ማስነሻ ገመድ፣ ፒንሳ፣ መቅዘፊያ፣ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የመንሳፈፊያ ሰደርያ፣ የተሞላ ስልክ። አንዱ ከጎደለ እስኪሟላ መቆየት የእምነት ማነስ አይደለም፤ የተሰጠንን መንጋ መጠበቅ ነው። የዘገየ ተሳላሚ ነገ ይሳለማል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።