ከመም ወደ አስፋልት

ራግቢ እ.ኤ.አ. በ1895 እንግሊዝ ውስጥ በክፍያ ጉዳይ ለሁለት ተከፈለ፤ ዛሬ አንዱ በ15፣ ሌላው በ13 ተጫዋች ይካሄዳል። እንግሊዛዊው ጄሰን ሮቢንሰን በሁለቱም ለአገሩ ተሰልፏል፤ በ2003 በባለ 15ቱ የዓለም ዋንጫ አንስቷል።

ከአንዱ ውድድር ወደ ሌላው በመሻገር የእኛ አገሩ አቻ ሱሉልታ ላይ የመሮጫ መም ያሠራው ቀነኒሳ በቀለ ነው። ከ2002 እስከ 2006 በዓለም አገር አቋራጭ አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት በየዓመቱ አሸነፈ። ይህን የሚደግም አይኖርም፤ አጭሩ ውድድር ራሱ ቀርቷልና። በመም ላይ ደግሞ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ አለው።

ከባዱ አስፋልቱ ነው። መም ላይ የመጨረሻዋ ዙር ፍጥነት ወርቅ ታስገኛለች። ማራቶን ላይ ግን ጉልበትን ለ42 ኪሎ ሜትር መቆጠብ፣ እየሮጡ መጠጣት፣ የአስፋልቱን ጥንካሬ የሚችል እግር ማበጀት ግድ ይላል። ቀነኒሳ በ2014 ፓሪስ ላይ የመጀመሪያ ማራቶኑን በ2፡05፡04 አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ጉዳት ስንቴ አደናቀፈው! በ2019 ግን በርሊን ላይ 2፡01፡41 ገባ፤ ከወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ። በ2024 ደግሞ፣ በ41 ዓመቱ፣ ለንደን ላይ ሁለተኛ ወጣ።