ስለ ምድጃ ርብራብ፤ የሚጸኑና የሚያዘነብሉ ዘንጎች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት የቴክኒክ ክበብ አባላት ያሰሙት ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ አመድ እንድንናገር ስለ ፈቀዳችሁልን ከልብ እናመሰግናለን። በበዓል ቀን የአመድ ወሬ ምን ይሠራል የሚል ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን እሳት የማይነድበት ቤት የለም፤ አመድ የማይተው እሳትም የለም። አመድ ካለም አመዱን የሚያወጣ ሰው አለ። የዛሬው ንግግራችን በመጀመሪያ ያንን ሰው የሚመለከት ነው።

በግሽ አባይ ሰፈር በሚገኘው ትምህርት ቤታችን ጓሮ በጡብ የታነጸ የቆሻሻ ማቃጠያ ምድጃ መኖሩን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ምድጃውን የሚያነዱት አባባ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌው ዘበኛችን ናቸው። ወረቀቱን፣ የረገፈውን ቅጠል፣ የሙዙንና የሸንኮራ አገዳውን ልጣጭ በየማታው ሰብስበው ያቃጥላሉ። ጢሱ ወደ ክፍላችን በገባ ጊዜ እኛ አፍንጫችንን ይዘን እንስቅ ነበር፤ እሳቸው ግን እዚያው ጢሱ ውስጥ ቆመው በረጅም ብረት ይቆሰቁሱ ነበር። አንድ ቀን እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አየናቸው፤ ለካ የጋለ ፍም ከምድጃው ደጅ ተንሸራቶ አቃጥሏቸው ኖሯል። መሳቃችንን የተውነው ያን ዕለት ነው። ምክንያቱም የምድጃውን ርብራብ የሠራነው እኛው የክበቡ አባላት ነበርንና ጥፋቱ የራሳችን ነበር።

ርብራብ ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ እንግለጥ። በምድጃ ሆድ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ ብለው፣ በመካከላቸው ቀጭን ክፍተት እየተተወ ጎን ለጎን የተደረደሩት የብረት ዘንጎች ናቸው። ነዳጁ በላያቸው ይተኛል፤ አየር ከሥራቸው ይገባል፤ አመድ በመካከላቸው ይወርዳል። እንግዲህ ርብራብ ሦስት ሥራ አለው ማለት ነው፤ ይሸከማል፣ ያስተነፍሳል፣ ያጠልላል። ከሦስቱ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ እሳቱ ይታመማል። በቤታችን ያለውን የከሰል ምድጃ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ቀዳዳው በአመድ የተደፈነ ጊዜ እናታችን ምድጃውን ነቅነቅ ታደርገዋለች፤ ወዲያው ፍሙ ይቀላል። ከዚህ በኋላ የምንናገረው ሁሉ ያችን ነቅነቅታ በብረት ስለ መሥራት ነው።

የመጀመሪያው ርብራባችን ከፌሮ የተሠራ ነበር። ዘንጎቹን ደርድረን ሁለቱንም ጫፋቸውን ከዳር ብረት ጋር አጥብቀን በየድነው፤ በጥንካሬውም ኮራን። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ዘንጎቹ እንደ ቀስት ጎብጠው ተገኙ። ይህ ለምን ሆነ ቢባል መልሱ በፊዚክስ መጽሐፋችን ውስጥ አለ። ብረት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር ከርዝመቱ በሚሊዮን 12 እጅ ያህል ይረዝማል። የ60 ሳንቲ ሜትር ዘንግ 500 ዲግሪ ቢሞቅ 3.6 ሚሊ ሜትር ይጨምራል ማለት ነው። እኛ መሄጃ አልተውንለትምና ወደ ላይ ጎበጠ። በዚያም ላይ ተራ ብረት ከ500 ዲግሪ በላይ በሞቀ ጊዜ ጉልበቱ በፍጥነት ይከዳዋል። የጎበጡት ዘንጎች መካከላቸው ባንድ በኩል ሲሰፋ በሌላው ጠበበ፤ በጠበበው አመድ ተጋገረበት፤ አየር ቀረ፤ ጢሱም በዛ። አባባ በብረት የሚታገሉት ይህን የተጋገረ አመድ ነበር።

ሁለተኛውን ስንሠራ ብልሆች የሆንን መሰለን። ዘንጎቹን ሁሉ በጫፋቸው ባለ ክብ ጆሮ ላይ እንዲሽከረከሩ አድርገን፣ ከውጭ በእጀታ ሲሳቡ በአንድነት እንዲያዘነብሉ አደረግን። «ከእንግዲህ መቆስቆሻ አያስፈልግም!» አልንና አባባን ጠርተን እጀታውን አስያዝናቸው። እሳቸውም ሳቡት። አመዱ ወረደ፤ ነገር ግን ፍሙም፣ ገና ያልነደደው ወረቀትም፣ ሁሉም ተግተልትሎ ወደ አመድ ጉድጓድ ገባ። ምድጃው ባዶ ሆነ፤ ጉድጓዱ ነደደ፤ ጢሱ ግቢውን ሞላው። አባባም እጀታውን ለቀቁና፣ «ልጆቼ፣ ንቀንቁልኝ አልኩ እንጂ ድፉልኝ መች አልኩ?» አሉን።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለውን ተረት የዚያን ዕለት በሚገባ ተረዳነው። ነገር ግን የአባባ ቃል ከተረቱ ይልቅ የሚጠቅም ነበር። እሳት አንድ ነገር ብቻ አይፈልግም፤ አመዱ እንዲለቀው፣ ፍሙ ግን እንዲያዝለት ይፈልጋል። አንዱ ዘንግ ሁለቱን ሥራ በአንድ ጊዜ መሥራት ካልቻለ፣ ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ስለዚህ ሦስተኛውን ርብራብ አንዱ ዘንግ የሚጸና፣ ቀጥሎ ያለው የሚያዘነብል፣ ከዚያ ደግሞ የሚጸና እያደረግን በማፈራረቅ አሰናዳነው።

ጓደኞቻችን በወረቀት ላይ እንድትከተሉን መለኪያውን እንንገራችሁ። ዘንጎቹ 12 ናቸው፤ 6ቱ ይጸናሉ፣ 6ቱ ያዘነብላሉ። የእያንዳንዱ ወርድ 3 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሳንቲ ሜትር፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም 1 ሳንቲ ሜትር ነው። ጠቅላላ ወርዱ 47 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ከዚሁ 11ዱ ክፍት ነው፤ ይኸውም ከመቶ 23 ያህል መሆኑ ነው። አየር የሚተነፍሰው በዚህ ነው።

አሁን የሚያዘነብለው ዘንግ ቀጥ ብሎ በጠርዙ ቢቆም ምን ይሆናል? 3 ሳንቲ ሜትር የነበረው ወርዱ ወደ 1 ስለሚቀንስ በግራና በቀኙ ያለው ክፍተት ከ1 ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ያድጋል። ከጎኑ ያለው ግን ጸንቶ እንደ ተኛ ነው። እንግዲህ በየ8 ሳንቲ ሜትሩ 4ቱ ብረት፣ 4ቱ ክፍት ይሆናል፤ ማለት ምድጃው እጅግ በተከፈተበት ሰዓት እንኳ ግማሹ ወለል ፍሙን ይዞ ይቆያል። በሁለተኛው ርብራባችን ግን ዘንጎቹ ሁሉ በቆሙ ጊዜ ክፍተቱ 3 ሳንቲ ሜትር፣ ብረቱ 1 ብቻ ነበር። ሦስት እጁ ክፍት በሆነ ወለል ላይ ማን ይቆማል?

ሌላም የተማርነው ነገር አለ። ዘንጉ 30 ዲግሪ ብቻ ሲያዘነብል ክፍተቱ አይሰፋም ማለት ይቻላል፤ ጠርዙ ግን ከሌላው ዘንግ በላይ ብቅ ይልና የተጋገረውን አመድ ከሥሩ ይሰብረዋል። ስለዚህ ለእጀታው ሁለት ማቆሚያ አበጀንለት። አጭሩ ስበት ለመነቅነቅ ነው፤ እሳቱ እየነደደ ይደረጋል። ረጅሙ ስበት ለማራገፍ ነው፤ እሳቱ ሲያበቃ ይደረጋል። ረጅሙን ለመሳብ መቀርቀሪያውን ማንሣት ግድ ነው፤ ማንም ባለማወቅ እንዳይስበው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። የሚያዘነብሉት ዘንጎች ጆሯቸው በአንግል ብረት ላይ በተቆረጠ ግማሽ ክብ ማረፊያ ይቀመጣል። ከእያንዳንዳቸው ወደ ታች አንድ አጭር ክንድ ይወርዳል፤ ስድስቱን ክንዶች አንድ ጠፍጣፋ ብረት በቡሎን ያያይዛቸዋል። እጀታው ከጡቡ ግድግዳ ውጭ ነው። የሚያዘው በኩል 60 ሳንቲ ሜትር፣ የሚገፋው በኩል 6 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ የአንድ ሽማግሌ ክንድ አሥር እጥፍ ይበረታል። የሚጸኑት ዘንጎች ደግሞ ባንድ ጫፍ ብቻ ተያዙ፤ በሌላው ጫፍ 5 ሚሊ ሜትር መተንፈሻ ተተወላቸው። የበየዱልን የጋራዥ ባለሙያ ንድፋችንን ባዩ ጊዜ ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁን፣ «ብረቱ ሲሞቅ ወዴት ይሂድ?» ብለው ነው። እኛ መጽሐፍ ገልጠን ያገኘነውን እሳቸው ከእጃቸው ያውቁት ነበር።

መጽሐፍ ካልን አይቀር፣ ከባሕር ጠረፍ አገር የመጣ ንድፍ እንዳለ ቢወሰድ በእኛ አገር እንደሚያስት እናስታውሳችሁ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከጠረፉ ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ተቃጥሎ እንዲያልቅ ቢያንስ 6 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ያንኑ 6 ኪሎ እዚህ ለማግኘት የበለጠ መጠን ያለው አየር ማስገባት ግድ ይሆናል። ደግሞም ከደረቅ እንጨት ክብደት ከመቶ 75 እስከ 85 የሚሆነው በጋዝነት ወደ ላይ ወጥቶ ነው የሚነደው፤ ስለዚህ ከርብራቡ በላይም ትንንሽ የአየር ቀዳዳ አወጣን። ጢሱ የቀነሰው በዚህ ጭምር ነው።

ከወላጆቻችን አንዱ፣ «ይህን ያህል ከሠራችሁ እምቦጩን ለምን አታቃጥሉልንም?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው ይህ አረም የዓሣ አጥማጁንና የገበሬውን ኑሮ ምን ያህል እንዳወከ የባሕር ዳር ሰው ያውቀዋል። እንግዲህ እናስላው። ከአንድ ኪሎ እርጥብ እምቦጭ 900 ግራም ወይም ከዚያ የሚበልጠው ውኃ ነው። የቀረው 100 ግራም ደረቅ ነገር ቢበዛ 1,800 ኪሎ ጁል ሙቀት ይሰጣል። 900 ግራሙን ውኃ አፍልቶ ለማትነን ግን 2,300 ኪሎ ጁል ያህል ያስፈልጋል። ወጪው ከገቢው በለጠ! ስለዚህ እርጥብ እምቦጭ በየትኛውም ርብራብ ላይ ቢጫን በራሱ አይነድም፤ አስቀድሞ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት። ርብራብ አየርን ያስተካክላል እንጂ ውኃን ነዳጅ አያደርግም።

ይህ ችግር የእኛ ጓሮ ብቻ አይደለም። በወንጂ ስኳር ማምረት ከተጀመረበት ከ1946 ዓ.ም. አንሥቶ የአገራችን ስኳር ፋብሪካዎች የተጨመቀውን አገዳ ገለባ እያነደዱ እንፋሎት ያፈላሉ፤ ገለባው ከወፍጮ ሲወጣ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። በዓለም ላይ በብዙ የስኳር ፋብሪካ ምድጃዎች አመዱ የሚራገፈው በሚያዘነብሉ ዘንጎች ነው። የከተማ ቆሻሻ በሚቃጠልባቸው ታላላቅ ምድጃዎችም በተለምዶ አንዱ ረድፍ ጸንቶ፣ ሌላው እየተንቀሳቀሰ እርጥቡን ነዳጅ ያገላብጣል፤ መጀመሪያ ያደርቀዋል፣ ቀጥሎ ያነደዋል፣ በመጨረሻም አመዱን ይጥላል።

ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ መሆኑንም አንርሳ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ስፍራ የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ወገኖቻችንን ቀበረ። በዚያው አካባቢ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ፋብሪካ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታቀደ ነበር። ቆሻሻን መጣል ቀላል ነው፤ የተጣለው ግን ተከምሮ ይጠብቀናል።

የእኛ ምድጃ ትንሽ ናት፤ ጉድለቷንም አንሸሽግም። ፕላስቲክ አይገባባትም፤ መርዘኛ ጢሱን የምታጣራበት መሣሪያ የላትምና። እርጥብ ልጣጭ ለማዳበሪያ ጉድጓድ ተለይቷል። በክረምት ቅጠሉ ሳይደርቅ ከተጫነ ዛሬም ትጤሳለች። ነገር ግን አባባ ከደጁ ፊት ቆመው መቆስቆስ ትተዋል፤ ከግድግዳው ወዲህ ሆነው እጀታ ይስባሉ። ለእኛ ከማንኛውም ሽልማት የሚበልጠው ይህ ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ! ባሕር ዳር በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ያገኘች ከተማ ናት፤ እጅና አእምሮ አብረው ሊሠሩባት የተዘጋጀች ናት ማለት ነው። ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ምድጃ አሠርተው ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አስቀልጠዋል። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል። እኛም ከዚህ ሥራ የተማርነው ይህንኑ ነው፤ የመጀመሪያውን ስሕተታችንን የነገረን ብረት በያጅ፣ ሁለተኛውን ያቃናልን ምድጃ አንዳጅ ነበር። አስቀድመን ጠይቀናቸው ቢሆን ኖሮ እጃቸው ባልተቃጠለ ነበር።

ምድጃዋን ለማየት የሚፈልግ እንግዳ ከዚህ ንግግር በኋላ ወደ ጓሮው ብቅ ይበል። አባባ እጀታውን ያስይዙታል፤ አጭሩን ብቻ እንዲስብ ግን አደራ እንላለን።