ፊን የሚባለው ውሻ
በማኅበራችን የወጣቶችና የወላጆች ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር

 

ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ ውሻ ነው። ከወዲያ ጥግ ሳቅ ይሰማናል፤ ግድ የለም፣ ሳቁ። ወላጆቻችን «ስንት የሚወራ ነገር እያለ ለሞተ ውሻ ንግግር?» ቢሉ አንፈርድባቸውም። በእኛ አማርኛ «ውሻ» ስድብ ነው። በጎንደር ገጠር ውሻ ደጅ ያድራል፣ ጅብ ሲመጣ ይጮኻል፣ ትርፍራፊ ይጣልለታል፣ ቤት ግን አይገባም። እዚህ ደግሞ እኛ ልጆቹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ውሻ ካላሳደግን እያልን ቤቱን እንበጠብጣለን። ያም ሆኖ አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲሉ ታማኝነቱን መመስከራቸው እኮ ነው።

ፊን የእንግሊዝ አገር የፖሊስ ውሻ ነበር፤ ዘሩ ጀርመን ሼፐርድ። በኦክቶበር 2016 አንድ ሌሊት፣ ስቲቨኔጅ በምትባል ከተማ፣ እሱና አብሮት የሚሠራው ፖሊስ ዴቭ ዋርዴል በዝርፊያ የተጠረጠረ ልጅ ያሳድዱ ነበር። ልጁ ሊያመልጥ ሲል ፊን ያዘው። ልጁም ትልቅ ቢላ አውጥቶ የውሻውን ደረት ወጋ፤ ቢላው ሳንባውን በሳው። ቀጥሎ ወደ ፖሊሱ ሲሰነዝር ፊን መሃል ገባ፤ ጭንቅላቱም ላይ ተቆረጠ። ዴቭ እጁ ቆሰለ እንጂ ተረፈ። ፊን እንደዚያ ሆኖም ልጁን አልለቀቀም። ሐኪሞች አራት ሰዓት ያህል ቀዶ ሕክምና አደረጉለት፤ ከ11 ሳምንት በኋላ ሥራውን ጀመረ። በ2017 ጡረታ ወጣ።

ቢላውን የያዘው ልጅ 16 ዓመቱ ነበር። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እኩዮቹ ብዙ ናችሁ። «ለመከላከያ ነው» እየተባለ በኪስ የሚያዝ ቢላ በየሽኩናው መኖሩን እናንተም እኛም እናውቃለን፤ ወላጆችም ሳያውቁ አይቀሩም።

ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ ነው ጉዱ የመጣው። ፖሊሱን ስላቆሰለ ልጁ በአካል ጉዳት ተከሰሰ። ስለ ፊን የቀረበበት ክስ ግን «ንብረት ማበላሸት» ነው። መስኮት እንደ መስበር ማለት ነው። እርግጥ የእንስሳት ጥበቃ ሕግም ነበራቸው፤ ግን አጥቂው «ራሴን ስከላከል ነው» ብሎ የሚሾልክበት ቀዳዳ ነበረው።

ዴቭን ያንገበገበው ይሄ ነው። ፊርማ መሰብሰብ ተጀመረ፤ ከ100 ሺህ በላይ ሰው ፈረመ። ሰር ኦሊቨር ሂልድ የሚባሉ የፓርላማ አባል ረቂቁን ይዘው ገቡ። በ2018 አንድ ሌላ አባል ተቃወመና ተጓተተ። እንደገና ገባ። በኤፕሪል 2019 ጸደቀ፣ በጁን ሥራ ላይ ዋለ። በሥራ ላይ ያለ የፖሊስ ውሻን ወይም ፈረስን ያጠቃ ሰው ከእንግዲህ «ራሴን ስከላከል ነው» ብሎ ማምለጥ አይችልም። ሕዝቡ «የፊን ሕግ» ይለዋል። ፊን ራሱ በ2018 ለእንስሳት ጀግንነት የሚሰጠውን የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል፤ በ2019 ደግሞ ከዴቭ ጋር በአገሩ ትልቅ የቴሌቪዥን የተሰጥኦ ውድድር ላይ እስከ ፍጻሜ ደርሷል። ይሄን የነገርናቸው ትንንሾቹ ከሁሉ በላይ የወደዱት የቴሌቪዥኑን ነው!

አሁን በልባችሁ ያለውን እኛው እንናገረው። እኛ ከፖሊስ ጋር ያለን ነገር ቀላል አይደለም። በ2015ም በ2019ም አደባባይ የወጣነው ለጨዋታ አልነበረም። «ለፖሊስ ውሻ ይሄ ሁሉ ክብር፣ ለልጆቻችንስ?» የምትል እናት ብትኖር ጥያቄዋ ትክክል ነው። ሰውን ከውሻ ልናወዳድርም አልመጣንም፤ ነውር ነው። እኛን የሳበን የሄዱበት መንገድ ነው። አንድ ተራ ፖሊስ «ሕጉ እንዲህ ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ቤቱ አልገባም። ሁለት ዓመት ተኩል በር አንኳኳ። ፊርማ ቀላል ነገር ይመስለናል፤ «ማን ያየዋል» ብለን የምንተወው ስንት ወረቀት አለ።

ፊን በ2023 ሞተ፤ 14 ዓመቱ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላም የኖረው ከዴቭና ከቤተሰቡ ጋር ነው። በእንግሊዝ ብዙ ጊዜ የፖሊስ ውሻ ጡረታ ሲወጣ የሕክምናው ወጪ በአሳዳጊው ላይ ይወድቃል፤ ሜዳሊያ ሐኪም አይከፍልም። እዚህ አገራችን ደግሞ ኦኬጽ የሚባለው የጻሃል የውሾች ክፍል ለሞቱ ውሾቹ የራሱ መቃብር አለው፤ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓትም ያደርግላቸዋል። ከእናንተ መሃል ነገ እዚያ ለማገልገል የምታስቡ ካላችሁ፣ አባባ ሲሰሙ ምን እንደሚሉ ለማየት እንጓጓለን።

ስንወጣ በሩ አጠገብ ካርቶን አለ። ክረምቱ እየመጣ ነው፤ ለተጣሉ ውሾች መጠለያ አሮጌ ብርድ ልብስና ፎጣ እየሰበሰብን ነው። እናቶች፣ ጋቢ አልጠየቅንም፣ አትፍሩ። የታጠበ ይሁን እንጂ የተቀደደም ይሆናል። እስከ ሐሙስ ማታ ካርቶኑ እዚያው ይቆያል።