ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች አእምሮና የእኛ ሚዛን

(በአንኮበር ለተሰበሰቡ የማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)




በዚህ ርእስ ላይ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ በመጀመሪያ እንቢ ብዬ ነበር። ምክንያቴም ሁለት ነው። አንደኛው፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት በመምህርነትና በትምህርት ቤቶች ቁጥጥር ሥራ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ስብሰባው አንኮበር ላይ መሆኑ ነው። በዚህ አገር ስለዚህ ጉዳይ አፌን ሞልቼ እንዳልናገር የሚያደርገኝ የቆየ ዕዳ አለብኝ። ኋላ ግን ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ፣ እንቢ ያልሁበት ምክንያት ራሱ የምናገርበት ምክንያት ሆኖ ስላገኘሁት ከፊታችሁ ቆሜአለሁ።

ዕዳው እንዲህ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ከዚህ ከተማ ቁልቁል የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ በሚያስኬድ ቀበሌ የአንደኛ ክፍል ምዝገባ ይካሄድ ነበር። የልደት ወረቀት በሌለበት ዕድሜ የሚለካበትን ዘዴ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሕፃኑ ቀኝ እጁን በራሱ ላይ አሻግሮ የግራ ጆሮውን እንዲይዝ ይታዘዛል፤ ጣቱ ከጆሮው ከደረሰ ለትምህርት ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ ስሙንና ያባቱን ስም ይናገራል፤ እስከ ዐሥር ይቆጥራል። አንዲት እናት ሰባት ዓመት የሞላው ልጇን ይዛ ቀረበች። ልጁ ስሙ ሲጠራ ዞር አላለም። ጆሮህን ያዝ ቢባል ሁለቱንም ጆሮዎቹን በሁለት እጁ ደፈነ። በዙሪያው የነበርነው ሰዎች እንደ መሳቅም ብለናል። የግቢው ጩኸት ራሱን እየወጋው እንደ ሆነ ለመጠርጠር እውቀቱም ትዕግሥቱም አልነበረኝም። በመዝገቡ የአስተያየት ዓምድ ላይ «አእምሮው ለትምህርት ብቁ አይደለም» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍሁ። እናቲቱ፣ «መምህር፣ ይሰማል እኮ፤ የምንለው ሁሉ ይገባዋል» አለችኝ። «እኅቴ፣ የእናት ዐይን ሆኖብሽ ነው» ብዬ አሰናበትኋት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለልቅሶ ወደዚያው አካባቢ ወርጄ ሳለ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ፊደል ከሚቆጥሩት ሕፃናት መካከል ያንን ልጅ አየሁት። ከሌሎቹ ጋር አይጮኽም። ፊቱን ወደ ግንቡ መልሶ፣ በእጁ አንድ ስንደዶ ይዞ ይወዛወዛል። የኔታን ስለርሱ ብጠይቃቸው፣ «ይህ ልጅ አፉን አይሰጠኝም፤ እጁን ግን ይሰጠኛል» አሉኝ።

እዚህ ላይ ስለ ፊደል ቆጠራ ጥቂት ማለት ያስፈልገኛል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሕፃኑ ሀ ሁ ሂን በዜማ ከዘለቀ በኋላ ወደ ንባብ ከመግባቱ በፊት አቡጊዳን ይማራል። አቡጊዳ ማለት ያው ፊደል ነው፤ ነገር ግን ተራው ተሰባብሮ፣ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እየተባለ ነው የሚነበበው። ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል፣ ሀሁን እንደ ዘፈን በቃሉ የሚያወርድ ልጅ መልኩን ለይቶ ላያውቅ ይችላልና ነው። በሌላ አነጋገር፣ አባቶቻችን አፍ የሚለውን ዐይን ከሚያውቀው የሚለዩበት ፈተና ነበራቸው። የአእምሮ መመዘኛ ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ ለሚመስለን ለእኛ ለባለ ዲፕሎማዎቹ ይህን ማስታወስ አይከፋም።

የኔታ ታዲያ ያደረጉት ቀላል ነገር ነው። ለሌሎቹ ልጆች ፊደሉን እየጠቆሙ ስሙን ያስጠራሉ። ለዚህ ልጅ ግን ጥያቄውን ገልብጠው ስሙን እርሳቸው ይጠራሉ፤ ልጁ ገበታው ላይ በስንደዶ ይነካል። እጃቸው እጁን አይነካም። ራሴ ልሞክር ብዬ ፈቃዳቸውን ለመንሁና 33ቱን ፊደል ከነዘሩ እያቀላቀልሁ ጠራሁለት። አንድም አልሳተም። በመጨረሻ «ሰ» ብዬ ብጠራ፣ መጀመሪያ ንጉሡን ሠ ነካ፤ ቀጥሎ እሳቱን ሰ ነካ። እኔ ተሳሳተ ብዬ ቀና ስል የኔታ ሳቁብኝ። «የትኛውን እንደ ሆነ መቼ ነገርኸው? የጎደለው ያንተ ጥያቄ ነው» አሉኝ።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ ይህን የነገርኋችሁ ልጁ የተሠወረ ሊቅ ነው ለማለት አይደለም። እንዲህ ብል ከአንድ ስሕተት ወደ ሌላው መዝለል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው «ሬይን ማን» የተባለው ፊልም ብዙ ሰው ኦቲዝም ያለበትን ሁሉ በቁጥር ተአምር የሚሠራ አድርጎ እንዲገምት አድርጓል፤ ወላጆችም ልጃቸው ተአምሩን ሳያሳይ ሲቀር ሁለተኛ ሐዘን ያዝናሉ። ልጁ ያሳየኝ ፊደል ማወቁን ነው፤ ከዚያ ያለፈ የለም። እኔ ግን ይህችን ያህል እንኳ ልትኖረው አትችልም ብዬ ጽፌ ነበር።

በሌላው ዓለም የሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ባልቲሞር ላይ ስለ 11 ሕፃናት ባወጣው ጽሑፍ፣ የነዚህ ልጆች አእምሮ ከሚታየው የተሻለ ችሎታ እንዳለው ገምቶ ነበር። ከ11ዱ የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት፣ በሕፃንነቱ ከወላጆቹ ተለይቶ በማቆያ ተቋም እንዲኖር ተደርጎ የነበረ ሲሆን፣ ወላጆቹ መልሰው ካወጡት በኋላ ኮሌጅ ጨርሶ፣ በባንክ ሠርቶ፣ በ89 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ዐረፈ።

የመመዘኛውን ነገር በይበልጥ የገለጡት በሞንትሪያል የሠሩ አጥኚዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች በሁለት መመዘኛ ፈተኑ። አንደኛው ዌክስለር የሚባለው ነው፤ ከፊሉ መርማሪው በቃል እየጠየቀ ልጁ የሚመልሰው ነው። ሁለተኛው ሬቨን የሚባለው ሲሆን፣ ልጁ የጎደለውን ሥዕል መርጦ ይጠቁማል። እነዚያው ልጆች ከ100 እኩዮቻቸው መካከል በሚይዙት ደረጃ ሲለኩ፣ በሬቨን ያገኙት ውጤት በዌክስለር ካገኙት በአማካይ 30 ደረጃ ከፍ ብሎ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ጨርሶ የማይናገሩ ወይም ጥቂት ቃል ብቻ ያላቸው 30 ልጆች ተፈተኑ። ዌክስለርን አንድም ልጅ ሊፈጽም አልቻለም። በመጠቆምና በእጅ በመሥራት ከሚመለሱት መመዘኛዎች ግን ቢያንስ አንዱን 26ቱ ፈጽመዋል። ይህን ጽሑፍ ሳነብ ትዝ ያለኝ የየኔታ ስንደዶ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልሰጥ ባልፍ ሙያዬን በደልሁ። ልጁ እጁ በሌላ ሰው እጅ ተደግፎ ፊደል እየለቀመ እንዲጽፍ የሚደረግበት ዘዴ በአንድ ወቅት በአውስትራሊያና በአሜሪካ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በጥንቃቄ ሲመረመር ግን ቃሉ የደጋፊው እንጂ የልጁ አለመሆኑ ታወቀ፤ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1994 ዘዴው በሳይንስ ያልተረጋገጠ መሆኑን በውሳኔ አስታውቋል። የኔታ እጁን አለመንካታቸውን ያነሣሁት ስለዚህ ነው። ልጁን አሳንሶ ማየት ስሕተት እንደ ሆነ ሁሉ በልጁ ስም መናገርም ስሕተት ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። እኛ ብልህ የምንለው ማንን ነው? በዚህ በሰሜን ሸዋ ለዚህ ጥያቄ የተለመደ መልስ አለን። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር መንዝ ተቀምጦ ሕዝቡን ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ መሰየሙ ያለ ነገር አይደለም። ብልህ የምንለው አንዱን ተናግሮ ሌላውን የሚያስረዳውን፣ የሰማውንም ፈልፍሎ ወርቁን የሚያወጣውን ነው። ቃሉን እንዳለ የሚቀበለውን ሰው ስናከብረው የዋህ፣ ስንንቀው ቂል እንለዋለን። አንድ ወጣት በግብዣ ላይ «በሞቴ! አንድ ጉርሻ» ቢሉት ደንግጦ «ማን ሊሞት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ማዕዱ በሳቅ ሲፈርስ አይቻለሁ። ያ ወጣት ራዲዮ ፈታትቶ ይገጥማል። ሆኖም በዚያች ቀን የተሰጠው ስም እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

ሌላም አለ። በባህላችን ሕፃን በሽማግሌ ፊት ዐይኑን ሰበር፣ ድምፁን ዝቅ ማድረግ አለበት። የውጭ መጻሕፍት ከኦቲዝም ምልክቶች መካከል በቅድሚያ የሚቆጥሩት የዐይን መሸሽ በእኛ ዘንድ እንደ ጨዋነት ሊመሰገን ይችላል። ልጁ ትምህርት ቤት ሲደርስ ያው ዝምታ ፈዛዛነት ይባላል። ልጁ አልተለወጠም፤ ቦታው ተለወጠ እንጂ። በነገራችን ላይ አሜሪካውያንም ከዚህ አልዳኑም። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት፣ ኦቲዝም ያለባቸውን ጐልማሶች ለጥቂት ሰከንዶች በምስል ያዩ ወይም ድምፃቸውን የሰሙ ሰዎች አቀራረባቸውን አልወደዱትም፤ የተናገሩት ቃል በጽሑፍ ብቻ ሲቀርብ ግን ልዩነቱ ጠፍቷል።

በአገራችን ይህን ፍርድ በግንባር ከተጋፈጡት መካከል ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ይገኛሉ። እኚህ ሴት የታወቁት በውበት ሙያ ትምህርት ቤታቸው ነበር። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አልቀበል ሲሏቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ከፈቱ። በአደባባይ ስለ ልጃቸው መናገራቸው በራሱ ትልቅ ነገር ነበር፤ እንዲህ ያለ ልጅ እርግማን ወይም ልክፍት ነው እየተባለ በጓዳ ይደበቅ ነበርና። ልጆቹን ለማናገር ያዘጋጁትንም ዘዴ «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» ብለውታል። ይህን ስም በሰማሁ ጊዜ የቅጥሩ ሥር ልጅ ፊቴ ላይ መጣ። ወይዘሮ ዘሚ እ.ኤ.አ. በ2021 ዐርፈዋል። በወላጆች የተቋቋመው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በዚያው በአዲስ አበባ ይገኛል። ከዚህ ዳገት ሥር ያለች እናት ግን አዲስ አበባ መቼ ትደርሳለች? የምትደርሰው እንደ እኔ ካለው ሰው ጠረጴዛ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ የሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ልጆቻቸውን ያመጡ 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር። ብዙዎቹ ለልጁ ሁኔታ የሕክምናውንም የመንፈሱንም ምክንያት አጣምረው የሚያስረዱ ሆነው ተገኝተዋል። እኛ የተማርነው በዚህ እንገረም ይሆናል። እኔ ግን አንዳንድ ጊዜ ልክፍት የሚለው ቃል ከእኔ አራት ቃላት ይሻል ነበር እላለሁ፤ የተለከፈ ልጅ ጠበል ይወሰዳል፣ ይድናል ተብሎ ተስፋ ይደረግበታል። «ብቁ አይደለም» የተባለ ልጅ ግን የትም አይወሰድም።

አሁን ደስ ወደማይለው ነገር ልግባ። የስንደዶውን ብልሃት ካየሁ በኋላ በየሄድሁበት ሞክሬዋለሁ። ደብረ ብርሃን አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዘንድ አንድ ወር ሙሉ ተመላለስሁ፤ በፊደል፣ በሥዕል፣ በእህል ፍሬ ሞከርሁ። ምንም አልወጣም። የተሠወረ ነገር ባገኝ ኖሮ ለናንተ መናገሩ እንዴት ባማረ! አሜሪካ ውስጥ ስለ ስምንት ዓመት ልጆች በወጣው የ2020 መረጃ (እ.ኤ.አ.)፣ ኦቲዝም ካለባቸውና ውጤታቸው ከታወቀው መካከል 37.9 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ነበረባቸው። ቁጥሩ በመመዘኛው ምክንያት ሊያንስ ሊበዛ ይችላል፤ እንዲህ ያሉ ልጆች መኖራቸው ግን አይካድም። ስለዚህ «ብልህ ስለ ሆኑ ይማሩ» የሚለውን ክርክር እኔ አልወደውም። ያቺ ልጅ ብልህነቷን ማስመስከር ካለባት ከደጅ ቀርታለች ማለት ነው። የሷ መቀመጫ ከልጁ መቀመጫ ያነሰ መሆን የለበትም። የመንግሥት የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቶ በ2012 ሲሻሻልም የልጅን ብልህነት የመግቢያ ዋጋ አላደረገም።

ከሰዓት በኋላ በምዝገባ ቅጾች ላይ እንደምንወያይ ሰምቻለሁ። የአስተያየት ዓምድ ይኑር አይኑር የሚል ክርክር አይቀርም። እኔ ይውጣ አልልም። ነገር ግን የሚጽፈው ሰው ከአስተያየቱ በፊት ሦስት ነገር እንዲሞላ ይገደድ እላለሁ፤ ልጁ ምን ተጠየቀ? ጥያቄው የቀረበው በምን ዓይነት ቦታ ነው? እንዲመልስ የተፈቀደለትስ በአፉ ብቻ ነው ወይስ በእጁም ጭምር? በዚያን ቀን ይህን ለመሙላት ብገደድ ኖሮ «በሁካታ መካከል፣ በአፍ ብቻ» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፤ ይህን ጽፌ አራቱን ቃላት ለመጨመር ምናልባት አፍር ነበር።

ከልቅሶው በተመለስሁ በሳምንቱ ወደዚያ ትምህርት ቤት ሄጄ መዝገቡን አስወጣሁ። የተጻፈውን መሠረዝ ስለማይፈቀድ፣ የልጁን ፊደል ማወቅ የሚገልጽ ማስታወሻ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ከገጹ ጋር አያይዤዋለሁ። እናቲቱንም ቤቷ ድረስ ሄጄ በመጪው መስከረም ይዛው እንድትመጣ ነገርኋት። ቡና አፈላችልኝ፤ በአክብሮት ሸኘችኝ። መስከረም ጠባ፤ ምዝገባው በተከፈተባቸው ቀናት ሁሉ እዚያው ዋልሁ። አልመጣችም።