«አትንኪ» የተባለች ልጅ
(የማኅበሩ ጸሐፊ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ያደረገው ንግግር)



ባለፈው እሑድ በስብሰባው ላይ የተናገርኩትን ያልተገኛችሁት እንድታነቡት በሰሌዳው ላይ ይለጠፍ ስለተባለ እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል በመሆኑ የአጻጻፍ ጉድለት ቢገኝበት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የመዋጮውንና የቦይ ጠረጋውን ነገር ሊቀ መንበሩ ስለገለጹ እኔ አልመለስበትም። የኔ ጉዳይ ዓይነ ስውር ልጆች በቤት ውስጥ በእጃቸው ስለሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ጨዋታ ስል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ብላችኋል፤ አይቻለሁ። እኔም ድሮ ፈገግ ካሉት ወገን ነበርኩ።

የእህቴ ልጅ ዓይነ ስውር ናት። የአራት ዓመት ልጅ ሳለች እናቷ ሥራ ስትሄድ እኛ ቤት ታውላት ነበር። ግድግዳ ሥር ምንጣፍ ላይ ካስቀመጥናት እዚያው ትውላለች። እኛም «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» እያልን እናመሰግናት ነበር። አንድ ቀን ባለቤቴ ሽምብራ ስትለቅም ልጅቷ ድምፁን ሰምታ እየዳኸች መጣችና እጇን ሰፌዱ ላይ ጫነችው። ሽምብራው ተበተነ። እኔ «አትንኪ!» ብዬ እጇን መታሁት። አላለቀሰችም። ሁለቱን እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ቁጭ አለች። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ እንጀራ ቀርቦላት እንኳ እጇን አትዘረጋም ነበር፤ እናጎርሳት ነበር። ይህን ስናገር አፍሬ ነበር፤ አሁን ስጽፈውም አፍራለሁ።

ኋላ ዓይነ ስውራንን የሚያስተምሩ አንድ መምህር ቤታችን መጥተው ነገሩን ስነግራቸው፣ «ዓይን ያለውን ልጅዎን ዓይኑን በጨርቅ አስረው ያሳድጉታል?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚያይ ሕፃን ማዶ ያለውን ሲኒ አይቶ ያምረዋል፤ ስላማረውም ይድሃል። ለማያይ ሕፃን ግን ያልነካውና ድምፅ ያላሰማው ነገር የለም ማለት ነው። ከእጁ ወድቆ የተንከባለለ ኳስም ጠፋ፣ በቃ። ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር የሚጫወትበት ዕቃ የማይጠፋበት ቦታ ማበጀት ነው። ጠርዝ ያለው ትሪ ወይም ሳፋ ይበቃል፤ እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ማንጠፍ ነው።

ሊሊ ኒልሰን የሚባሉ ዴንማርካዊት ነበሩ፤ ከዓይነ ስውራን ወንድምና እህቶች ጋር ያደጉ ሴት ናቸው። እሳቸው ለነዚህ ልጆች ትንሽ ክፍል የመሰለ ሣጥን ሠሩ። ከጣራውና ከግድግዳው ልዩ ልዩ ዕቃ ይንጠለጠላል፤ ሕፃኑ ከውስጡ ተጋድሞ እጁን ባንቀሳቀሰ ቁጥር አንድ ነገር ያገኛል። ዕቃው የታሰረ ስለሆነ ትናንት የነበረበት ቦታ ዛሬም አለ። እኛም ከሱቅ ባገኘነው ትልቅ ካርቶን ሞክረነዋል፤ የእንጨት ማንኪያ፣ የቁልፍ እስር፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ የቃጫ ጉንጉን ሰቀልንበት። ገመዱ አጭር ይሁን፤ አንገት እንዳይጠመጥም። ልጁንም እዚያ ብቻውን ትቶ መሄድ የለም።

ሁለተኛው ነገር እጅ አለመጎተት ነው። የልጁን እጅ ከላይ ይዘን ሊጥ ውስጥ ብንዘፍቀው ይደነግጣል፤ ሌላ ጊዜም እጁን ይሰበስባል። የኛን እጅ ከሥር፣ የሱን እጅ ከላይ አድርገን እኛ ስንነካ አብሮን እንዲሄድ ነው መተው፤ ሲያስጠላው እንዲያነሣው። ከመንካቱ በፊትም «ይሄ ሊጥ ነው፣ እርጥብ ነው» ብሎ መንገር ያስፈልጋል። በደረቅ ጀምሮ ወደ እርጥብ መሄድ ይሻላል። የኛዋ ልጅ ለሊጥ ሁለት ወር ፈጅታለች። በመጀመሪያ ጫፉን በአንድ ጣት ብቻ ነበር የነካችው።

መጫወቻው ከየት ይገዛል የሚል ካለ፣ ጓዳው ሙሉ ነው። ስንዴ፣ ምስር፣ ባቄላ መለየት፤ ጤፍ ውስጥ እጅ ማስገባት፣ እንደ ውሃ ነው የሚፈስሰው (ጤፍ በዚህ ዋጋ! እንዳትሉኝ፣ አንድ ሲኒ ይበቃል፤ ኋላም ለዶሮ ይሰጣል)። ወንፊትና ሰፌድ በጣት ይለያያሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ነገሩን ከነመነሻው ማሳየት ነው። ሙዝ ሁልጊዜ ተልጦ የሚሰጠው ልጅ ሙዝ ልጣጭ እንዳለው በምን ያውቃል? ጥሬውን ቡና፣ ቆልተነው የቀዘቀዘውን፣ ከዚያም የተወቀጠውን በየተራ ስናስይዛት አሸተተችና «አንድ ነው እንዴ?» አለች። ጥጡን፣ ፈትሉን፣ ነጠላውን በየተራ ዳሰሰች። ባዶና ቀዝቃዛ ጀበናም ሆዱን፣ አንገቱን፣ ጆሮውን እየዳሰሰች ስለተማረች አሁን «ትኩስ ነው» ስትባል ምኑ እንደሚያቃጥል ታውቃለች።

ሁሉን ይንካ ማለቴ ግን አይደለም። የዓይነ ስውራንን ጽሕፈት የፈጠረው ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል በ1809 እ.ኤ.አ. ሲወለድ ዓይናማ ነበር። ቆዳ ሠራተኛ በነበረው በአባቱ መሥሪያ ቤት በ3 ዓመቱ በሹል መሣሪያ ሲጫወት ነው ዓይኑን የወጋው። ስለዚህ ወስፌ፣ ቢላዋ፣ ከሰል፣ በርበሬና በረኪና ይራቁ። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሽምብራና ባቄላም አይሰጥ፤ አፍንጫ ይገባል፣ ጉሮሮ ያንቃል።

ብሬልን ካነሣሁ አይቀር፣ ጽሕፈቱ 6 ነጥብ ነው፤ ሦስት ሦስት ሆኖ በሁለት ረድፍ። ከእንቁላል ካርቶን ላይ 6 ጉድጓድ ቆርጦ ሎሚ እያስገቡ «ከግራ ላይኛው፣ ከቀኝ ታችኛው» ማለት ጣትንና ሐሳብን ለዚያ ያዘጋጃል። ገበጣም ደህና ነው፤ ጉድጓዱ ጠለቅ ያለ እንደሆነ ጠጠሩ አይዘልም። የእህቴ ልጅ ዛሬ በገበጣ ትረታኛለች። ሆን ብዬ የምለቅላት የሚመስላችሁ ካላችሁ መጥታችሁ ሞክሯት።

ዓይነ ስውር ከሚባሉት ልጆች ብዙዎቹ ጥቂት እንደሚያዩም አትርሱ። ነጭ ቦሎቄ በጥቁር ጨርቅ ላይ ቢደረግላቸው ሊለዩት ይችላሉ። በልጅ ዓይን ብሌን ላይ ነጭ ነገር ያየ ደግሞ ጨዋታውን ትቶ፣ ዛሬ ነገ ሳይል ወደ ሐኪም ይሂድ።

«ተምራስ ምን ትሆናለች?» ያሉኝ አንድ አባት ነበሩ። የትነበርሽ ንጉሤ በ5 ዓመቷ ዓይኗን ያጣች የወሎ ልጅ ናት። ሻሸመኔ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቃ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች።

በሠፈራችን ከጓዳ የማይወጡ ልጆች እንዳሉ እናውቃለን። ስም አልጠራም፣ ከኮሚቴውም ማንም ስም ሊመዘግብ በር አያንኳኳም። ብቻ በሚመጣው ቅዳሜ ከቀኑ በ8 ሰዓት በማኅበሩ አዳራሽ ምንጣፍ አንጥፈን እንጠብቃለን። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይምጡ፤ ለሁለት ሰዓት ያህል ትተዋቸው ወደ ጉዳያቸው መሄድ ቢፈልጉም ባለቤቴና ሁለት ጎረቤቶቻችን አብረው ይቆያሉ። ሌሎቻችሁ ትልቅ ካርቶን፣ የማትፈልጉትን ማንኪያ፣ የጨርቅ ቁራጭ፣ የእንቁላል ካርቶን ታጥቦና ጸድቶ እስከ ዓርብ ማታ ለጥበቃው ስጡልን። የተሰነጠቀ የገበጣ እንጨት ያለውም ያምጣ፣ ከመካከላችን አናጢ አለ።