ውርጭ ለመታው ገበሬ እድሩ ምን ያድርግለት?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሁላችንም እንደምናውቀው እድራችን የተቋቋመው የሞተውን ለመቅበርና ያዘነውን ለማጽናናት ነው። ከመካከላችን ገሚሱ በወር ደመወዝ ወይም በንግድ ሲያድር፣ ገሚሱ ደግሞ ዛሬም እዚሁ ሱሉልታ ሜዳ ላይ አርሶ የሚያድር ነው። ደመወዝተኛው መዋጮውን በየወሩ ይከፍላል። ገበሬው ግን ገንዘብ የሚያገኘው እህሉ አውድማ ሲገባና ድርቆሹ ሲሸጥ ነው። ስለዚህ ሰማይ ሲከዳው መዋጮው ይቋረጣል፤ መዋጮው ሲቋረጥ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል። ስሙ በተሰረዘ ማግስት ሞት ከቤቱ ቢገባስ? ዛሬ ልናገር የተነሣሁት ስለዚሁ ጉዳይ ነው።

ብዙ ሰው ድርቅና ውርጭ የማይተዋወቁ ጠላቶች ይመስሉታል። በእኛ አገር ግን አንዱ ለሌላው በር ይከፍትለታል። ሜዳችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለ ነው። ክረምቱ በሰኔ በደንብ ከገባ ገበሬው በጊዜ ይዘራል፤ ሰብሉም ብርዱ ሳይጠነክር ፍሬ ይቋጥራል። ዝናቡ ዘግይቶ በሐምሌ አጋማሽ ከጀመረ ግን ዘሩም በዚያው ይዘገያል። ጥቅምትና ኅዳር ሲመጡ ሰብሉ ገና አበባ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሰማዩ ይጠራል፤ ሌሊት ደመና ስለሌለ ምድር ቀን የያዘችውን ሙቀት ትለቃለች፤ ቀዝቃዛው አየር ከባድ በመሆኑ ከተረተሩ እየወረደ ሜዳው ላይ ይተኛል። ጧት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ፀሐይ ሲወጣበት ባቄላው ጠቁሮ ይቀራል። በአንድ ሌሊት ጠፋ እንላለን እንጂ ጉዳቱ የተጀመረው ዝናቡ በዘገየ ቀን ነው።

አባቶቻችን ለዚህ መላ ነበራቸው። አንድ ማሳ ተረተሩ ላይ፣ አንድ ማሳ ሜዳው ላይ ይይዙ ነበር። ውርጩ ሜዳውን ቢፈጀው የተረተሩ ይተርፋል። ቶሎ የሚደርሰውንና የሚዘገየውን ገብስ ለያይተው ይዘሩ ነበር። በሬ የጎደለበት ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል። ዛሬ ግን መሬቱ እየጠበበ መጣ። ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል፤ ማሳው ቤትና ፋብሪካ ሆኗል። ሁለትና ሦስት ቦታ ያርስ የነበረው ሰው አንዲት ቁራጭ ቀርታዋለች። ቁራጯን ውርጭ ከመታት ሌላ መጠጊያ የለውም። በጉን ይሸጣል፤ ቀጥሎ ጊደሯን፤ ከዚያ በሬውን። በመጨረሻም ለዘር ያስቀመጠውን ይበላል። ዘሩን የበላ ገበሬ የሚቀጥለው ክረምት ቢያምርለትም የሚዘራው የለውም።

እንግዲህ እድራችን ምን ያድርግ? እኔ ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሰብሉ በውርጭ ወይም በድርቅ የጠፋበት አባል፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች አይተው ከመሰከሩለት፣ መዋጮው እስከሚቀጥለው መኸር ይቆይለት እንጂ ስሙ አይሰረዝ። ዕዳው ይጻፍበት፤ ሲያገኝ ይክፈል።

ሁለተኛ፣ እህል ተወቅቶ ሲያበቃ፣ በጥር ወር፣ እያንዳንዱ አራሽ አባል አቅሙ የፈቀደውን ያህል ንጹሕ ዘር ያስቀምጥ። ድንኳኑና ብርጭቆው በሚቀመጥበት ቤት አንድ ጥግ ይበቃዋል። ዘር ያጣ ያለ ወለድ ይበደር፤ በመኸር በዓይነት ይመልስ። ስለ ዘሩ ምርጫ ምክር ብንፈልግ ሆለታ ቅርባችን ነው። የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ከቀደምቶቹ ማዕከሎች አንዱ ሆለታ ነበር፤ ገብስም ከሚመራመርባቸው ሰብሎች አንዱ ነው።

ሦስተኛ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት የሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የወቅት ትንበያ ጸሐፊያችን በስብሰባ ያንብብልን። ዝናቡ ይዘገያል ከተባለ ቶሎ የሚደርሰውን ዘር የሚመርጥ ይምረጥ።

«ይህ ሁሉ ከእድር አቅም በላይ ነው» የሚል ይኖራል። ነገሩን ለይተን እንየው። ውርጭ ሁሉንም እኩል አይመታም፤ ሜዳው ላይ ያለው ሲጎዳ ተረተሩ ላይ ያለው ይተርፋል፤ ስለዚህ የተረፈው የተጎዳውን ሊደግፍ ይችላል። ድርቅ ግን አገር ምድሩን ባንድ ላይ ይመታል። በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ታላቅ ረሀብ የማያስታውስ የለም። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በኤልኒኖ ምክንያት ዝናቡ ሲከሽፍ፣ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ አስፈልጎታል። ቦረናም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈውበት ከብቱ አልቋል። እንዲህ ያለውን የእኛ ሣጥን ብቻውን አይችለውም።

ለዚህም ቢሆን መንገድ ተሞክሯል። ኒያላ ኢንሹራንስ በአንዳንድ ገጠሮች የዝናብ ዋስትና በእድሮች በኩል ለገበሬው አቅርቦ ነበር። ዋስትናው የሚከፍለው በመለኪያ ጣቢያው የተለካው ዝናብ ከተወሰነው ሲያንስ ነው። ጣቢያው ዘንድ ዘንቦ እኔ ማሳ ላይ ካልዘነበ ግን አይከፈለኝም። ይህን ክፍተት የሚሞላው እድር ነው፤ የተከፈለው ላልተከፈለው ያካፍላል። የእድር መሪዎች ይህንኑ የመካፈሉን ነገር ሲሠለጥኑ ዋስትናውን የሚገዛው ገበሬ መብዛቱ በጥናት ታይቷል። ኮሚቴያችን ይህን ጉዳይ ቢጠይቅና ቢያስጠና መልካም ይመስለኛል።

ወገኖቼ፣ ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል የሚቀድመን የለም። ጎረቤታችን ሰብሉ ጠቁሮ ማሳው ዳር ሲቆምም ለቅሶ ላይ ነው። ያን ዕለት ስሙን ከመዝገብ እንዳንሰርዘው፣ ሐሳቤ ለውሳኔ እንዲቀርብ በትሕትና እጠይቃለሁ።