ፍርፋሪው እንዳይጠፋ

ጌታችን በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ የተረፈው ሁሉ እንዲሰበሰብ ማዘዙ፣ ደቀ መዛሙርቱም 12 መሶብ መሙላታቸው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ተጽፎ ይገኛል። ጥቂቱን ሊያበዛ የሚቻለው አምላክ ስለ ፍርፋሪ ማሰቡ ያስደንቃል።

እኛ የጂንካ ካህናት ግን ከገበያ ያመጣነውን ፌስታል ከደጃችን ስንጥል ኖረናል። ዝናም ጠርጎ ወደ ነሪ ወንዝ ያወርደዋል፤ ነሪም ወደ ማጎ ይወስደዋል። ላም ከሣር ጋር ብትውጠው በሆድዋ ይቋጠራል እንጂ አይፈጭም፤ እየከሳች ትሞታለች። ለደቡብ ኦሞ አርብቶ አደር ደግሞ ላም የልጆቹ ወተት፣ የጋብቻውም ጥሎሽ ናት። እንግዲህ በእጃችን የጣልነው የማንን ቤት እንደሚያፈርስ አስተውሉ።

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ነገር ግን ክርስቲያን ቅጣት ፈርቶ ብቻ ሊታዘዝ አይገባውም።

በቤታችን ዘንቢሉን ከበሩ አጠገብ ሰቅለነዋል፤ ረስተነው ስንወጣ ልጆቻችን እየሮጡ ያደርሱናል። አብረውን የሚያገለግሉት ዲያቆናት ግን ገና እሺ አላሉም፤ ለጠበል የፕላስቲክ ጠርሙስ ይቀላል ይላሉ። የአሪ ሴቶች የሠሩት ማሰሮ በገበያ ሞልቶ ሳለ! በመጪው ቅዳሜ ከእነርሱ ጋር አብረን ገበያ እንወርዳለን።